ሰውየው አንድ ነው፤ ሕመሙስ?

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ አንድ ስህተት ነው። ስህተቱ የሌላ ሰው አይደለም፤ የእኔና የሦስት ጓደኞቼ ነው። ስለዚህ ማንንም ልከስ አልተነሳሁም። መጀመሪያ ራሴን ከስሼ፣ ከዚያ በኋላ ግን ስለ አስተማማራችንም አንድ ሁለት ነገር ልበል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለመመረቂያ ፕሮጀክታችን በአንድ ጤና ጣቢያ የቲቢ ክፍል የታካሚዎችን መረጃ የሚይዝ ዳታቤዝ ሠራን። እስከዚያ ድረስ ሥራው ሁሉ የሚካሄደው በአንድ ትልቅ የወረቀት መዝገብ ነበር። እኛም በተማርነው መሠረት «ታካሚ» የሚል ሰንጠረዥ አበጀን። ስም፣ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ቀበሌ፣ የካርድ ቁጥር፤ ቀጥሎ «የቲቢ ሁኔታ»፣ «ሕክምና የጀመረበት ቀን»፣ «ውጤት»። አንድ ሰው፣ አንድ ካርድ፣ አንድ መስመር። የወረቀቱንም መዝገብ ማታ ማታ እየተቀመጥን ወደ ኮምፒውተሩ ገለበጥነው። ሲታይ ያምር ነበር፤ እኛም ኮርተንበት ነበር።

በሙከራው ሁለተኛ ሳምንት አንድ ሰው መጣ። ከሦስት ዓመት በፊት እዚያው ታክሞ፣ ድኖ የሄደ ሰው ነው። አሁን እንደገና ማሳል ጀምሯል፤ አክታው ተመርምሮ ቲቢ ተገኝቶበታል። የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር የካርድ ቁጥሩን ሲያስገቡ ኮምፒውተሩ «ይህ ቁጥር ተመዝግቧል» ብሎ እምቢ አለ። ጠሩኝ። እኔም በሙሉ ልብ «ሲስተር፣ ችግር የለውም፤ አዲስ አይመዝግቡት፣ የድሮውን ኤዲት ያድርጉት» አልኳቸው። እንዳልኳቸው አደረጉ። የድሮው ቀን ተሰርዞ የዛሬው ገባ። «ድኗል» የሚለው ጠፍቶ «በሕክምና ላይ» ተባለ።

ሲስተር ስክሪኑን ትንሽ አዩትና «ልጄ፣ የበፊቱ ሕክምናው የት ሄደ?» አሉኝ።

«ተስተካክሏል» አልኩ።

«አልተስተካከለም፤ ጠፋ እንጂ። እኔ እኮ እዚህ መዝገብ ላይ የምጽፈው ሰውየውን ብቻ አይደለም፤ ሕክምናውን ነው። ሰውየው አንድ ነው፤ ሕመሙ ግን ሁለተኛው ነው።»

እንግዲህ ይህች የሲስተር ንግግር ለወራት ከጭንቅላቴ አልወጣችም። በኋላ ላይብረሪ ገብቼ ሳነብ የገባኝ ነገር ቢኖር፣ እኛ አራታችን አራት ዓመት ተምረን ያላገኘነውን ነገር እርሳቸው በሁለት ዓረፍተ ነገር እንደተናገሩት ነው። ስሙም አለው። ፎርማል ኦንቶሎጂ ይባላል።

ለመሆኑ የጠፋችው አንዲት መስመር ምን ያህል ዋጋ አላት? በጣም ትልቅ ዋጋ አላት። መድኃኒት ያልተለማመደ ቲቢ በተለመደው አሠራር ለስድስት ወር ይታከማል፤ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት በአራት ዓይነት መድኃኒት፣ ለቀሪዎቹ አራት ወራት በሁለት ዓይነት። ከዚህ በፊት የታከመ ሰው በሽታው ሲመለስበት ግን ባክቴሪያው መድኃኒቱን ተለማምዶ ሊሆን የሚችልበት ዕድል ከአዲስ ታካሚ ይልቅ ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ ይሠራለት እንደሆነ መመርመሩ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የሞት ሽረት ጉዳይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2013 ባሻሻለው አመዘጋገብ ታካሚዎችን «አዲስ»፣ «ድኖ ያገረሸበት»፣ «አቋርጦ የተመለሰ»፣ «ታክሞ ያልተሳካለት» እያለ የሚለየው ለዚሁ ነው። «አዲስ» ማለት ጨርሶ ያልታከመ ወይም መድኃኒቱን ከአንድ ወር ላነሰ ጊዜ ብቻ የወሰደ ነው። ልብ በሉ፤ እነዚህ ስሞች የሰውየውን ሳንባ በማየት ብቻ አይገኙም። የሚገኙት ከዚህ በፊት የሆነውን በማወቅ ነው። የእኛ ዳታቤዝ ግን የሆነ ነገር የሚቀመጥበት ቦታ አልነበረውም። ያለው የሰው ቦታ ብቻ ነው። ኢትዮጵያ ደግሞ ድርጅቱ ከ2021 እስከ 2025 በተጠቀመበት ዝርዝር ቲቢ በብዛት ከሚገኝባቸው 30 አገሮች አንዷ ነበረች። ስለዚህ ጉዳዩ የሩቅ አገር ጨዋታ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ኦንቶሎጂ ሲባል ብዙዎቻችን «የፍልስፍና ጣጣ» ብለን እናልፈዋለን። በቀላሉ ካየነው ግን ጥያቄው አንድ ነው፤ «ያለው ነገር ምን ዓይነት ነው?» የሚል ነው። አርስቶትል «ካቴጎሪዎች» በተባለው ሥራው ስለ አንድ ነገር ሊባል የሚችለውን በአሥር ምድብ ከፋፍሎ ነበር። ፎርማል ኦንቶሎጂ የሚለው ስያሜ ደግሞ ከጀርመናዊው ፈላስፋ ከኤድመንድ ሁሰርል የመጣ ነው፤ እርሱ እ.ኤ.አ. በ1900 እና በ1901 ባሳተመው ትልቅ ሥራ ውስጥ ስለ ክፍልና ስለ ሙሉ ነገር ግንኙነት በሰፊው መርምሯል። ፎርማል የተባለበት ምክንያት ስለ ድንጋይ ወይም ስለ ዛፍ ብቻ ሳይሆን ማንኛውም ነገር፣ ነገር በመሆኑ ብቻ ስለሚኖረው ቅርጽ ስለሚጠይቅ ነው። ክፍል ምንድን ነው? አንድ መሆን ምንድን ነው? መለወጥና ጠፍቶ በሌላ መተካትስ በምን ይለያያሉ?

የኮምፒውተር ሰዎች ነገሩን የያዙት ዘግይተው ነው። ቶም ግሩበር እ.ኤ.አ. በ1993 ኦንቶሎጂን ሲተረጉመው፣ ስለ አንድ የሥራ መስክ ያለንን አስተሳሰብ በግልጽ ዘርዝሮ ማስቀመጥ ነው የሚል ሐሳብ አቀረበ። ከ2000 ወዲህ ደግሞ በባሪ ስሚዝና በባልደረቦቹ የተዘጋጀው ቤዚክ ፎርማል ኦንቶሎጂ፣ በጣሊያን እነ ኒኮላ ጓሪኖ ያዘጋጁት ዶልቼ የተባለውም መጡ። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2021 ዓለም አቀፍ የአይሶ ደረጃ ሆኖ ወጥቷል። እነዚህ ሁለቱ በብዙ ነገር ይለያያሉ፤ በአንድ ነገር ግን ይስማማሉ። ሁለቱም ጸንቶ የሚኖረውን ከሚከናወነው ይለያሉ።

ይህ ክፍፍል ከበደን እንዳንል እቤታችን እንመልከት። ቡና ተፈልቷል። ጀበናው እዚያ አለ። ጀበናው ክፍሎች አሉት፤ አንገት፣ እጀታ፣ ሆድ። አቦል ሲቀዳ ወደ ክፍሉ ብትገቡ ጀበናውን ሙሉውን ታዩታላችሁ። «ግማሹ ጀበና ገና አልመጣም» የሚል ሰው የለም። የቡናው ሥነ ሥርዓት ግን ሌላ ነው። እርሱም ክፍሎች አሉት፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። አቦል ላይ የገባ ሰው ቶናንና በረካን አያይም፤ ገና አልሆኑምና። በረካ ላይ የደረሰ ደግሞ አቦሉ አልፎበታል። ጀበናው በየትኛውም ሰዓት ሙሉ በሙሉ አለ። ቡና መጠጣቱ ግን በየትኛውም አንድ ቅጽበት ሙሉ በሙሉ የለም፤ በጊዜ ውስጥ ተዘርግቶ ነው ያለው። ጀበና ይሰበራል፤ ቡናው ግን ይቋረጣል። ጀበና ይገዛል፤ ቡናው ይደርሳል፣ ያመልጣል፣ ይዘገያል። ስለ አንዱ የምንለውን ስለ ሌላው ብንል ያስቃል።

በዚሁ ላይ ሦስተኛውን እንጨምር፤ ክስተትን። ሂደት ሲካሄድ የሚቆይ ነው፤ ቡናው ሲፈላ እንደማለት። ክስተት ደግሞ በአንድ ጊዜ የሚሆን፣ ሂደትን የሚጀምር ወይም የሚዘጋ ነው። ጀበናው ገነፈለ፤ እንግዳው ደረሰ። ሁሉም ጸሐፊዎች ቃሉን በዚህ መንገድ አይጠቀሙበትም፤ ሂደቱንም ጭምር ክስተት የሚሉ አሉ። ለሥራችን የሚጠቅመን ግን ይህ አከፋፈል ነው።

አሁን ወደ ጤና ጣቢያው እንመለስ። እኛ በአንድ ፊልድ «ቲቢ» ብለን የጻፍነው ምን ነበር? እ.ኤ.አ. በ2009 ሾየርማን፣ ሴውስተርስና ስሚዝ ስለ በሽታና ስለ ምርመራ ኦንቶሎጂ ባወጡት ጽሑፍ ይህንኑ ይበትኑታል። በሳንባው ላይ ያለው ጉዳት አንድ ነገር ነው፤ ጸንቶ የሚኖር፣ በኤክስሬይ የሚታይ። በሽታው ከዚያ ጉዳት የሚመነጭ ዝንባሌ ነው፤ ሳይታይም ሊኖር ይችላል። የበሽታው ጉዞ ማለትም ሳሉ፣ ላቡ፣ ክሳቱ ሂደት ነው። ምርመራው የተደረገበት ጊዜ ደግሞ ክስተት ነው፤ ከእርሱ የወጣው «ቲቢ ነው» የሚለው ወረቀት የሐኪሙ ድምዳሜ እንጂ በሽታው ራሱ አይደለም። ድምዳሜ ሊሳሳት ይችላል፤ በሽታ ግን አይሳሳትም። እኛ እነዚህን ሁሉ በአንዲት ሳጥን ውስጥ «አለ» ወይም «የለም» ብለን አጨቅናቸው። ሕክምናውን ደግሞ የሰውየው ባሕርይ አደረግነው፤ እንደ ቁመቱ፣ እንደ ጾታው።

ለምን እንዲህ አደረግን? እዚህ ላይ ነው አስተማማራችን የሚነሳው። ሁላችንም በዳታቤዝ ኮርስ የምንማረው ፒተር ቼን እ.ኤ.አ. በ1976 ያቀረበውን የኢንቲቲና የሪሌሽንሺፕ ሞዴል ነው። በጣም ጥሩ መሣሪያ ነው። ታዲያ በላብ የምንለማመደው አቋራጭ መንገድ አለ፦ የሥራውን መግለጫ አንብብ፣ ስሞቹን አስምርባቸው፣ እነርሱ ኢንቲቲ ናቸው፤ ግሦቹ መስመር ናቸው። ይህ አቋራጭ ነገርን ሁሉ ሳጥን፣ የሆነውን ሁሉ ቀጭን መስመር ያደርገዋል። ቼን ራሱ እንኳ እዚህ ላይ አልቆመም። እ.ኤ.አ. በ1983 በእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገርና በሞዴሉ ግንኙነት ላይ በጻፈው ጽሑፍ፣ ከግስ የወጣ የድርጊት ስም ሲገኝ መስመሩ ራሱ ወደ ኢንቲቲነት እንደሚለወጥ አሳይቷል። እኛ ግን የመጀመሪያውን ደንብ ይዘን ሁለተኛውን ረሳነው።

የሚያሳዝነው ደግሞ ሲስተር የነገሩን በአማርኛ ነበር። «ሕክምና ይጀምራል፣ ሕክምና ያቋርጣል፣ ሕክምናው ያልቃል» ብለውን ነበር። በአማርኛ ሐኪም፣ ታካሚ፣ መታከም፣ ሕክምና ሁሉም ከአንድ ሥር ናቸው፤ ድርጊቱም እንደ ሰውየው ሁሉ ሙሉ ስም አለው። በአማርኛው ላይ ብናሰምር ኖሮ «ሕክምና» ከሁሉም በላይ ተደጋግሞ እናገኘው ነበር። እኛ ግን መጀመሪያ መግለጫውን ወደ እንግሊዝኛ ገለበጥነው። «ታካሚው በነርስ ይታከማል» የሚል ነገር ሆነ። ከዚያ አሰመርን። ሕክምና ግስ ሆኖ ስለነበር መስመር ሆነ፤ መስመሩም በኋላ ለማቅለል ተብሎ ወደ ፊልድ ተጨመቀ። በቃ፣ እንዲህ ነው የጠፋው።

ቋንቋችን በዚህ ነገር ደካማ አይደለም። እስቲ እነዚህን አወዳድሯቸው፦ «ታሟል»፣ «እየታመመ ነው»፣ «ታሞ ነበር»፣ «ይታመማል»። የመጀመሪያው አንድ ነገር ሆኖ ያስከተለውን የአሁን ሁኔታ ይናገራል። ሁለተኛው ሂደቱን፣ ሦስተኛው ያለፈን ምዕራፍ፣ አራተኛው በተደጋጋሚ የሚያጋጥመውን። «ለብሷል» እና «እየለበሰ ነው» ስንል የተለያየ ነገር ነው የምንለው፤ አንዱ ጋቢው ትከሻው ላይ አለ፣ አንዱ ገና እጁ ላይ ነው። እንግሊዝኛ ለእነዚህ ለሁለቱ ሁለት የተለያዩ ግሦች ይፈልጋል፤ እኛ አንዱን ግስ በማርባት ብቻ እንጨርሰዋለን። ዜኖ ቬንድለር እ.ኤ.አ. በ1957 ግሦችን እንደ ጊዜ ባሕርያቸው በአራት ከፍሎ ሲያቀርብ ያደረገው ይህንን የመሰለ ልዩነት ማውጣት ነበር። እኛ በየቀኑ በአፋችን የምንለየውን ነገር ኮምፒውተር ፊት ስንቀመጥ የምንረሳው ለምንድን ነው? በእኔ እምነት መልሱ ቀላል ነው፤ ማንም ጠይቆን ስለማያውቅ ነው።

ሌላ አንድ የሎጂክ ነጥብ ላክል። «እገሌ ትናንት ጠዋት በጤና ጣቢያው ሲስተር እያዩት መድኃኒቱን ወሰደ» ከተባለ፣ «እገሌ ትናንት መድኃኒቱን ወሰደ» ማለት ይቻላል፤ «መድኃኒቱን ወሰደ» ማለትም ይቻላል። ለማንም ግልጽ ነው። ለተለመደው ሎጂክ ግን ግልጽ አልነበረም፤ «ወሰደ» ሁለት ነገር ያገናኛል ወይስ አምስት? ዶናልድ ዴቪድሰን እ.ኤ.አ. በ1967 የሰጠው መፍትሔ፣ አንድ ክስተት አለ ብሎ መጀመር ነው። አንድ መውሰድ አለ፤ ወሳጁ እገሌ ነው፤ የተወሰደው መድኃኒቱ ነው፤ ጊዜው ትናንት ጠዋት ነው፤ ቦታው ጤና ጣቢያው ነው፤ ምስክሯ ሲስተር ናቸው። ከእነዚህ የፈለግኸውን ብትተው የቀረው እውነት ሆኖ ይቆያል። ይህን ወደ ዳታቤዝ ስታመጡት ምን ይሆናል? ክስተቱ የራሱ መስመርና የራሱ መለያ ቁጥር ያለው ሰንጠረዥ ይሆናል። ነገ አዲስ መረጃ ቢመጣ የሰውየውን ሰንጠረዥ ማፍረስ አያስፈልግም።

«እሺ፣ ይሄ ሁሉ ፍልስፍና ነው፤ እንጀራ አይሆንም» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። እንጀራ ብቻ ሳይሆን ቢሊዮን ዶላር ሆኖ ያውቃል። እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 2001 በኒውዮርክ የንግድ ማዕከል መንታ ሕንፃዎች በሁለት አውሮፕላኖች ተመትተው ወደቁ። ሕንፃዎቹን ከጥቂት ሳምንታት በፊት ተከራይቶ የነበረው ላሪ ሲልቨርስቲን ለእያንዳንዱ አደጋ ወደ 3.55 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ መድን ገብቶ ነበር። እንግዲህ ጥያቄው መጣ፤ የደረሰው አደጋ አንድ ነው ወይስ ሁለት? አንድ ዕቅድ፣ አንድ ጠዋት ነው፤ ስለዚህ አንድ ነው አሉ መድን ሰጪዎቹ። ሁለት አውሮፕላን፣ ሁለት ሕንፃ ነው፤ ስለዚህ ሁለት ነው አለ እርሱ። ስለሆነው ነገር የሚከራከር አልነበረም፤ ሁሉም ያየውን አይቷል። ክርክሩ ስለ ቆጠራው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 ዳኞች ለአብዛኞቹ መድን ሰጪዎች «አደጋ» የሚለውን ቃል የሚተረጉም ቅጽ ስለነበር አንድ ነው ብለው ወሰኑ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሌሎች ዳኞች፣ ያ ትርጉም የማይገዛቸውን ዘጠኝ መድን ሰጪዎች በተመለከተ ሁለት ነው አሉ። አንድ ጠዋት፣ አንድ ቦታ፣ በአንዱ ውል አንድ ክስተት፣ በሌላው ውል ሁለት! ልዩነቱን ያመጣው ክስተት የሚቆጠርበትን መለኪያ አስቀድሞ መጻፍና አለመጻፍ ነው።

ቆጠራውን አስቀድሞ የመጻፍ ጉዳይ በቲቢ መዝገብም ላይ አለ። አንድ ሰው ሕክምናውን ጀምሮ አሥር ቀን ቢቀርና ቢመለስ ያው ሕክምና ነው ወይስ ሌላ? ስድስት ወር ቀርቶ ቢመለስስ? ተፈጥሮ ይህንን አትነግረንም። አቦልና ቶና መካከል የተወሰነ ጊዜ ማለፉ ቡናውን ሁለት አያደርገውም፤ ነገ ጠዋት የሚፈላው ግን ሌላ ቡና ነው። በመካከል የሆነ ቦታ ላይ መስመር ማስመር አለብን። የዓለም ጤና ድርጅት አመዘጋገብ ሕክምናው በተከታታይ ሁለት ወርና ከዚያ በላይ ከተቋረጠ «ክትትሉ የጠፋ» ይለዋል፤ ሰውየው ሲመለስም «አቋርጦ የተመለሰ» ተብሎ እንደገና ይመዘገባል። ይህ የሕክምና ደንብ ብቻ አይደለም፤ የኦንቶሎጂ ውሳኔ ነው። አንድ ሂደት እስከ ምን ድረስ ተቋርጦ ራሱን እንደሆነ እንደሚቆይ ይወስናል። እኛ ግን ይህን ደንብ የምንጽፍበት ቦታ ሳይኖረን «ሲስተሙ አልቋል» ብለን ነበር።

ለሚነሱት ተቃውሞዎች ልመልስ። አንደኛው ጓደኛዬ ያኔውኑ ያቀረበው ነው፤ «ምን ችግር አለው፣ ሁለት ኮለም እንጨምር፤ ሕክምና አንድ፣ ሕክምና ሁለት።» ሦስተኛ ጊዜ የመጣ ሰው ሲገኝስ? ኮለም መጨመር ክስተትን መቀበል አይደለም፤ ላለመቀበል መሸሽ ነው።

ሁለተኛው ጠንከር ያለ ነው። ሁሉንም ነገር እየበታተንን ከመዘገብን ሥራው አያልቅም፤ ነርሷ ታካሚ ማየቷን ትታ ሳጥን ስትሞላ ትውላለች ይላል። እውነት አለው። እያንዳንዱን ሳል ክስተት ነው ብሎ መመዝገብ እብደት ነው። ግን ልብ በሉ፤ የወረቀቱ መዝገብ ይህንን ሁሉ በአንድ መስመር ይዞት ነበር። ምሥጢሩ የመስመሩ ባለቤት ሰው ሳይሆን ሕክምና መሆኑ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ብዙ መመዝገብ አይደለም፤ የምንመዘግበው ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ ማወቅ ነው። የምንተወውንም አውቀን ብንተው ሳናውቅ ከመጣል ይሻላል።

ሦስተኛው የመምህራን ነው፤ ፈላስፎቹ ራሳቸው አልተስማሙም ይላሉ። ልክ ነው። ዋይትሄድ እ.ኤ.አ. በ1929 ባሳተመው መጽሐፉ መሠረቱ ሂደት ነው ብሏል፤ ኳይንም ድንጋይንና ሰውን በጊዜ ውስጥ እንደተዘረጉ ነገሮች አድርጎ ያያቸው ነበር። በዚህ አስተያየት ጀበናውም ቀስ ብሎ የሚከናወን ነገር ነው ማለት ነው። ነገር ግን አለመስማማታቸው እኛን ከመምረጥ ነፃ አያወጣንም። ሰንጠረዥ የሠራ ሁሉ መርጧል፤ የሚለየው አውቆ መምረጡና ሳያውቅ መምረጡ ብቻ ነው። እኛ ሳናውቅ መረጥን፤ ዋጋውን ደግሞ የሚከፍለው እኛ ሳንሆን ያ የሚያስል ሰው ነበር።

ታዲያ ምን ይደረግ? የትምህርት ክፍላችንን የምጠይቀው አዲስ ኮርስ አይደለም፤ በጀትም አይጠይቅም። በዳታቤዝ ኮርስ ውስጥ ሁለት ሳምንት ለዚህ ይሰጥ። ፕሮፖዛል ስናቀርብና ስንከላከል ደግሞ መምህሮቻችን ስለ እያንዳንዱ ሰንጠረዥ ሦስት ጥያቄ ይጠይቁን። አንደኛ፣ ይህ ነገር በአንድ ቅጽበት ሙሉ በሙሉ አለ ወይስ በጊዜ ውስጥ የሚከናወን ነው? ሁለተኛ፣ ሁለት ሲሆን ሁለት መሆኑን በምን ታውቃላችሁ? ሦስተኛ፣ ሲለወጥ የድሮውን ታጠፋላችሁ ወይስ አዲስ ትጽፋላችሁ? የሥራ መግለጫውንም ባለቤቶቹ በተናገሩበት ቋንቋ ጽፈን፣ እዚያው ላይ አስምረን፣ ከዚያ በኋላ እንተርጉም። እነዚህ ጥያቄዎች የተማሪ መዝገብም ላይ ይሠራሉ፤ ዊዝድሮው አድርጎ የተመለሰ ተማሪ ሰውየው አንድ ነው፣ ምዝገባው ሁለት ነው። መሬት ላይም፣ ብድር ላይም፣ ፍርድ ቤት ላይም ያው ነው።

የዚያን ሰው መጨረሻ ሳልናገር ብዘጋ አንባቢ ይቀየመኛል። ያዳነው የእኛ ሲስተም አይደለም። ሲስተር የድሮውን ትልቁን መዝገብ ከመደርደሪያ አውርደው፣ ገጹን ገልጠው፣ «ድኖ ያገረሸበት» ብለው በአዲስ መስመር ጻፉት። አክታውም መድኃኒት የተለማመደ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ለጂን ኤክስፐርት ምርመራ ተላከ። ውጤቱ ደግ ነበር፤ መድኃኒቱ ይሠራለታል ተባለ፣ ስድስት ወሩንም ጨረሰ። ግን መዝገቡ ያን ጊዜ ተጥሎ ቢሆንስ? «አሁን ኮምፒውተር መጥቷል፣ ወረቀቱ ምን ያደርጋል» ስንላቸው የነበርነው እኮ እኛው ነን።

እኛም ሥራችንን አፍርሰን እንደገና ሠራነው። አሁን ሰንጠረዦቹ ሦስት ናቸው፤ ታካሚ፣ ሕክምና፣ መድኃኒት የተወሰደበት ቀን። የመጀመሪያው ጸንቶ የሚኖረው ነው፣ ሁለተኛው ሂደቱ፣ ሦስተኛው ክስተቱ። የሕክምናውን መስመር ማንም ሊያጠፋው አይችልም፤ ሊዘጋው ብቻ ነው የሚችለው። ለሲስተር ስናሳያቸው ብዙም አልተደነቁም። «እንዲህ ነው እንጂ» አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።